አማና በሦስት ትውልድ ፊት፦ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ የዘካ፣ የሰደቃና የወቅፍ አሰባሰብ



መግቢያ

የመስጊድ ጣሪያ ሲያፈስ፣ የመድረሳ ደረሶች ሲበዙ፣ ወይም በሠፈሩ አንድ ቤተሰብ በችግር ሲወድቅ ኢማሙ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ቆሞ ርዳታ ይጠይቃል። ጥሪው የሚደርሳቸው ሰጋጆች ግን አንድ ዓይነት ሰጪዎች አይደሉም። በፊተኛው ሰፍ የተቀመጡት አባት ገንዘባቸውን ከመሐረባቸው ፈትተው በኢማሙ እጅ ያኖራሉ። የመካከለኛው ዕድሜ ነጋዴ ስሙ በመዝገብ መስፈሩን ያያል፤ ደረሰኝም ይጠይቃል። ከበሩ አጠገብ የቆመው ወጣት የሒሳብ ቁጥሩ እንዲነገረው ይፈልጋል፤ ከመስጊዱ ሳይወጣም በስልኩ ይልካል። ለሦስቱም የሚነገረው ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ የሚሰጣቸውም መልስ አንድ ነው፤ «አላህ ይቀበላችሁ» የሚል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሰጪዎቻቸውን በተወለዱበት ዘመን ይከፍላሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የተወለዱትን፣ ከእነርሱ ቀጥለው የመጡትንና ከኢንተርኔት ጋር ያደጉትን ለይተው ለእያንዳንዱ ወገን የተለየ መልእክት ያዘጋጃሉ። አከፋፈሉ የነዚያን አገሮች ታሪክ የተከተለ በመሆኑ እንዳለ ወደ ጎንደር ሊመጣ አይችልም። የእኛን አካባቢ ትውልዶች የለዩአቸው የ1967 ዓ.ም. የመሬትና የቤት አዋጆች፣ የደርግ ዘመን፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ለውጥና በቅርቡ የተስፋፋው የስልክ ገንዘብ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ ትውልዶቹ የሚለያዩት በልግስናቸው ሳይሆን፣ አማናው መጠበቁን በሚያረጋግጡበት መንገድ ነው የሚል ነው። አባቶች ሰውየውን ያምናሉ፤ ልጆቻቸው መዝገቡን፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ በዓይናቸው ያዩትን ውጤት። ገንዘብ ተቀባዩ ይህን ሳይለይ ሲቀር ከአንዱ ትውልድ ጋር ሲስማማ ሌላውን ያጣል። ከዚህም የባሰው፣ በሸሪዓ ተለይቶ መቀመጥ የሚገባው ገንዘብ ሊደባለቅበት ይችላል።

የታሪክ መሠረት፦ መሬት ያልነበረው ልግስና

የጎንደር ሙስሊሞችን የአሰጣጥ ልማድ ለመረዳት የኑሯቸውን መሠረት ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሠፈር እንዲኖሩ ወሰነ። ሠፈሩ እስላም ቤት ይባል ነበር፤ በኋላ ዘመን አዲስ ዓለም በሚለው ስም ታወቀ። በደጋው አገር ሙስሊሞች በአብዛኛው የርስት ባለቤትነት ስላልነበራቸው ኑሯቸውን በንግድ፣ በሽመናና በሌላም የእጅ ሥራ መሠረቱ። ወደ ምፅዋና ወደ መተማ የሚወስዱትን የንግድ መንገዶች ሲያንቀሳቅሱ የኖሩት በብዛት የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ።

ይህ ሁኔታ በሃይማኖታዊ ስጦታ ላይ ግልጽ ውጤት ነበረው። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በጉልትና በመሬት ግብር ሲተዳደሩ፣ መስጊዱና የቁርኣን ቤቱ እንዲህ ያለ ቋሚ ምንጭ አልነበራቸውም። የሚኖሩት ከሲራራ የተመለሰው ነጋዴ፣ ከገበያ የገባው ሸማኔና ቤተሰቦቻቸው ከእጃቸው በሚሰጡት ነበር። ስለዚህ ልግስናው ከሰው ወደ ሰው የሚሻገር፣ በመተዋወቅ ላይ የቆመ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ በተገደዱበት ዘመን ብዙዎች ወደ ሱዳን ጠረፍ ሲሰደዱ፣ የተጻፈ መዝገብና ቋሚ ንብረት ያልነበረው ይህ ልማድ በሰዎች መተማመን ብቻ ተሻግሮ ቆየ።

በሃያኛው መቶ ዓመት በአገራችን ከተሞች ለመስጊድ ጥቅም የሚከራዩ ቤቶችን ወቅፍ ማድረግ እየተለመደ መጥቶ ነበር። ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት፣ አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርጉ የኪራይ ገቢ ያላቸው ወቅፎች አብረው ተወሰዱ። ያን ዘመን ያዩ አባቶች «ቤት ከምትሰጥ እህል ስጥ» ቢሉ የሚናገሩት ከንፉግነት ተነሥተው አይደለም። ለዘለዓለም ተብሎ የተሰጠ ንብረት በአንድ ቀን ሲወሰድ አይተዋል።

የመጀመሪያው ትውልድ፦ በእጅና በዓይነት

ዛሬ በዕድሜ የገፉት አባቶችና እናቶች ሰደቃን የሚያውቁት በአብዛኛው በማዕድ መልክ ነው። በአማርኛችን «ሰደቃ አወጣ» ሲባል ለሟች መታሰቢያ ታርዶ፣ ተቀቅሎ፣ ጎረቤትና ድኻ ተጠርቶ፣ ዱዓ ተደርጎ የሚበላውን ያመለክታል። ስጦታው በዓይን ይታያል፤ የበላውም ይታወቃል፤ ዱዓውም በዚያው ይሰማል። ለእነርሱ የአማናው ማረጋገጫ ይህ ነው።

በደባርቅ፣ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ ዙሪያ ባለው ደጋ ደግሞ ስጦታው ከእርሻና ከከብት ጋር የተሳሰረ ነው። ገብስ ሲወቃ፣ በግ ሲራባ ዘካው በዓይነቱ ይወጣል። ሕጉም ለዚህ የተመቸ ነው። አርባ በግ የሞላው ሰው አንድ በግ ያወጣል፤ መቶ ሃያ አንድ ሲሞላ ሁለት ይሆናል። በዝናብ ከበቀለ እህል ዐሥር እጅ አንዱ፣ በመስኖ ከለማው ሃያ እጅ አንዱ ይወጣል። የብዙኃኑ ዑለማዎች አቋም እህሉ አምስት ወስቅ፣ በዛሬ ሚዛን ወደ 650 ኪሎ ግራም ግድም፣ ሲደርስ ነው የሚል ሲሆን፣ ኢማም አቡ ሐኒፋ ግን ለእህል የኒሷብ ወሰን አላደረጉም።

የዚህ ትውልድ ችግር ልማዱ የቆመበት መንደር ሲለወጥ ይታያል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑት የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ገብስ አምርቶና በግ አርብቶ የኖረ ሰው ከተማ ሲገባ ዘካው ከጎተራና ከጋጣ ወደ ጥሬ ገንዘብ ይዞራል። ያን ጊዜ ኢማሙ ከ«ስንት በግ አለህ?» ይልቅ «ዓመት የሞላው ስንት ገንዘብ አለህ? ዕዳህስ ምን ያህል ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የገንዘብ ኒሷብ በወርቅ ሲለካ 85 ግራም ያህል፣ ምጣኔውም ከመቶ ሁለት ተኩል መሆኑን ብዙ አረጋውያን ሰምተውት አያውቁም፤ ያልሰሙትም ስለማያስፈልጋቸው ነበር። ዛሬ ግን ያስፈልጋቸዋል።

ሁለተኛው ትውልድ፦ በወር መዋጮና በመዝገብ

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች እኩልነትን ጠይቀው በሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። ከአብዮቱም በኋላ ዒድ አል ፊጥር፣ ዒድ አል አድሓና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። በዚያ ዘመን ያደገውና ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በንግድ፣ በመንግሥት ሥራና በማስተማር የተሠማራው ትውልድ ማኅበር ማደራጀትን የተማረ ነው። እድር፣ የጀማዓ መዋጮ፣ የመስጊድ አሠሪ ኮሚቴ፣ የመድረሳ ወላጅ ኮሚቴ የዚህ ትውልድ መሣሪያዎች ናቸው።

ይህ ትውልድ መጠኑ የታወቀ መዋጮ በየወሩ መክፈልን ይመርጣል። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይሾማል፤ ቃለ ጉባኤ ያስይዛል፤ የገቢና የወጪ ሒሳብ እንዲነበብለት ይፈልጋል። ስጦታው ለመስጊድ እንደ ደመወዝ ያህል አስተማማኝ ስለ ሆነ የኢማሙ አበል፣ የመብራትና የውኃ ክፍያ በአብዛኛው በእርሱ ትከሻ ላይ ነው። ከዚህ ትውልድ መካከል ብዙዎቹ ሒሳቡ ሳይነበብ ዓመት ካለፈ ጠብ አያነሡም፤ በዝምታ መዋጮውን ያቆማሉ። ዝምታቸውን እንደ ስስት የሚቆጥር ኢማም ግን ይሳሳታል። የጠፋው እምነት እንጂ ገንዘብ አይደለም።

ሦስተኛው ትውልድ፦ በስልክና በባሕር ማዶ

ዘምዘም ባንክ ከወለድ ነጻ ብቻ የሚሠራ ባንክ ሆኖ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለው። ቴሌብርም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አገልግሎቱን ከፈተ። ቀድሞ ወለድን ሸሽቶ ከባንክ ርቆ የኖረው ሙስሊም በዚህ ጊዜ የሚስማማውን በር አገኘ፤ ወጣቱም ገንዘብን ከኪሱ ይልቅ በስልኩ ማኖርን ለመደ።

ወጣቱ ለተቋም ከሚሰጥ ለጉዳይ መስጠት ይቀናዋል። ለአንድ ሕመምተኛ መታከሚያ፣ ለአንድ የውኃ ጉድጓድ፣ ለረመዳን ማፍጠሪያ ተብሎ ሲጠየቅ ወዲያው ይልካል። ጉዳዩ ሲያልቅ ግን ስጦታውም ያልቃል። በባሕር ማዶ የሚኖሩት የጎንደር ልጆችም፣ ዕድሜያቸው ቢለያይም፣ አሰጣጣቸው ወደዚህ ይቀርባል። መስጊዱን በዓይናቸው ስለማያዩት የሚተማመኑት በሚላክላቸው ምስልና በሚነገራቸው ዜና ነው።

የዚህ መንገድ ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተነሣው ጥቃት ሰዎች ሞተዋል፤ ንብረትም ወድሟል። እንዲህ ያለ ቀን ሲደርስ ከወር መዋጮ እስኪሰበሰብ መጠበቅ አይቻልም። ድክመቱም አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። አሰባሰቡን ሁሉ በስልክ ላይ ብቻ ያቆመ ኮሚቴ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሰጪዎቹ ይቆራረጣል፤ የአባቶች የእጅ ለእጅ ልማድና የሁለተኛው ትውልድ መዝገብ ዋጋቸው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

የፊቅህ ጉዳይ፦ የማይደባለቁ ገንዘቦች

ሦስቱ ትውልዶች በአንድ ሣጥን ሲሰጡ ትልቁ አደጋ የገንዘቡ መደባለቅ ነው። ወጣቱ በስልክ ሲልክ «ዘካ» ብሎ ይጽፍ ይሆናል፤ ሒሳቡ ግን የመስጊድ ማሠሪያ ሊሆን ይችላል። ቁርኣን በሱረቱ ተውባ ቁጥር 60 የዘካን ተቀባዮች ስምንት አድርጎ ወስኗል። ከአራቱ መዝሀቦች የብዙኃኑ ዑለማዎች አቋም ዘካ ለመስጊድ ግንባታ አይውልም የሚል ነው፤ በሐነፊያ መዝሀብም ገንዘቡ በተቀባዩ ድኻ እጅ ገብቶ የራሱ ንብረት መሆን አለበት። «በአላህ መንገድ» የሚለውን ምድብ አስፍተው የተረጎሙ የዘመናችን ዑለማዎች መኖራቸው የታወቀ ቢሆንም፣ ሰጪው ሳይነገረው በሌላው ስም እንዲህ ያለ ምርጫ ማድረግ ለኮሚቴ አይገባም።

ከላይ ያነሣነውን የሚያዝያ 2014 ጥፋት ለምሳሌ እንውሰድ። ሸቀጡ ጠፍቶበት ባለዕዳ የሆነ ነጋዴ ከስምንቱ መካከል ባለዕዳዎች በሚለው ምድብ ሊገባ ይችላል፤ ዘካም ሊደርሰው ይችላል። የተጎዳ መስጊድ ጥገና ግን ከሰደቃ ወይም ከወቅፍ ገቢ መሸፈን ይኖርበታል። ሁለቱም አስቸኳይ ናቸው፤ መዝገባቸው ግን ሁለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ዓይነትና ዋጋ ነው። አባት ገብስ ያመጣሉ፤ ልጅ የገብሱን ዋጋ ይልካል። በሐነፊያ መዝሀብ ዘካንም ሆነ የፊጥር ሰደቃን በዋጋ ማውጣት ይፈቀዳል፤ በሻፊዒያ መዝሀብ መሠረቱ በዓይነቱ ማውጣት ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሁለቱም መዝሀቦች ስለሚታወቁ፣ በአንድ ቤት ውስጥ አባትና ልጅ በዚህ ሲከራከሩ ኢማሙ ክርክሩን የእምነት ጉድለት አድርጎ ማየት የለበትም። ሁለቱም በየመዝሀባቸው መሠረት ያላቸው መሆኑን ነግሮ ማስታረቅ ይችላል።

ሦስተኛው ወቅፍ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት ይዘው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲቀርቡ የተመከሩት ዋናውን ይዘው ፍሬውን እንዲለግሱ ነበር። ዛሬ በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ወቅፍ ማድረግ የሚቻለው በመሬቱ ላይ ያረፈውን ቤት፣ ሱቅ ወይም ሌላ ንብረት ነው። ጥሬ ገንዘብን ወቅፍ ማድረግም ከሐነፊያ ሊቃውንት በኢማም ዙፈር የተፈቀደ ሲሆን፣ በዑስማንያ መንግሥት በ16ኛው መቶ ዓመት ሸይኽ አል ኢስላም ኤቡስሱዑድ ሲደግፉት ኢማም ቢርጊዊ ተቃውመውታል። የክርክሩ አንዱ ፍሬ ነገር ገንዘቡ ወደ ወለድ እንዳይገባ ነበርና፣ ዛሬ ከወለድ ነጻ ባንኮች በሙዷረባ መልክ የሚሠሩበት ሁኔታ ጉዳዩን እንደገና ለመመርመር በር ይከፍታል። በስልክ ጥቂት ጥቂት የሚልከው ወጣት ብቻውን ሱቅ ወቅፍ ማድረግ አይችልም፤ ከብዙ ወጣቶች ጋር ግን የወቅፍ ገንዘብ ሊያቋቁም ይችላል። የአንድ ቀን ጉዳይ ላይ ያለቀው ስጦታው በዚህ መንገድ ዘላቂ ይሆናል።

የኢማሙና የመምህሩ ድርሻ

በሐዲስ እንደ ተዘገበው፣ ከሙዶር ወገን የሆኑ የተራቆቱ ድኾች ወደ መዲና በመጡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊታቸው ተለወጠ፤ ሰዉንም ሰብስበው ለሰደቃ ጠሩ። ከአንሷሮች አንዱ እጁ ሊሸከመው የከበደውን ገንዘብ ይዞ መጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ እህልና ልብስ ተቆለለ። ከዚህ ታሪክ ለዘመናችን ሰብሳቢ ሦስት ነገር ይገኛል። ችግሩ በዓይን ታየ፤ ጥሪው በግልጽ ተነገረ፤ የመጀመሪያው ሰጪ ለሌሎች ምሳሌ ሆነ። ሁሉም ያለውን በዓይነቱ ሰጠ፤ አንዱ ከሌላው አልተናቀም።

በሌላ ሐዲስ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰደቃ እንዲሰበስብ የላኩት ኢብኑ ሉትቢያ የሚባል ሰው ተመልሶ ከፊሉን ለሕዝብ የተሰበሰበ፣ ከፊሉን ግን ለራሱ በስጦታ የተሰጠው መሆኑን ሲናገር ሒሳቡን እንደ መረመሩት፣ በሚንበርም ላይ ወጥተው በአባቱና በእናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ስጦታው ይመጣለት እንደ ነበር እንደ ጠየቁ ተዘግቧል። ሒሳብ መጠየቅ የጥርጣሬ ምልክት ሳይሆን ሱንና መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን አሠራሮች ለኢማሞችና ለመምህራን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለዘካ፣ ለሰደቃና ለወቅፍ ሦስት መዝገቦች፣ ቢቻል ሦስት የባንክ ሒሳቦች ይኑሩ። ሰጪው ሲሰጥ «ለየትኛው?» ተብሎ ይጠየቅ። የሰጪው ቅድመ ሁኔታ በተለይ በወቅፍ ከባድ ክብደት ያለው በመሆኑ ቃሉ እንዳለ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡ ለሦስቱም ትውልድ በሚገባው መንገድ ይነገር። ለአባቶች በሶላት ማግሥት በቃል፣ ቢቻልም የተሠራውን በእጅ እየጠቆሙ፤ ለመካከለኛው ትውልድ በየሦስት ወሩ ተፈርሞ በሚለጠፍ ጽሑፍ፤ ለወጣቶችና በባሕር ማዶ ላሉት በስልክ በሚላክ አጭር መልእክትና የሥራው ምስል። አሃዙ በሦስቱም አንድ ይሁን፤ የሚለያየው አነጋገሩ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የሥራው ምስል እንጂ የተቀባዩ ድኻ ፊት አይታይ። በሱረቱል በቀራ ቁጥር 264 ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት ማበላሸት ተከልክሏል፤ ቁጥር 271 ደግሞ በግልጽ መስጠትን አመስግኖ ለድኾች በስውር መስጠትን አብልጧል። ወጣቱ ውጤቱን ማየት ቢፈልግም የአንዲትን እናት እንባ ለማስረጃ ማቅረብ ተገቢ አይደለም። የተጠገነ ግድግዳ፣ የተገዛ እህል፣ የተከፈለ የሐኪም ቤት ደረሰኝ በቂ ምስክር ነው።

አራተኛ፣ የወቅፍ ንብረት በግለሰብ ስም አይመዝገብ። በታማኝ ሰው ስም የተጻፈ ቤት ሰውየው ሲሞት ከወራሾቹ ጋር ክርክር ያስነሣል። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ካገኘ ወዲህ በተቋም ስም የማስመዝገቡ መንገድ ከቀድሞው የተሻለ ነው። በ1967ቱ ትዝታ የሚፈሩ አባቶችም ይህን በማስረጃ ሲያዩ እንደገና ለወቅፍ ሊነሣሡ ይችላሉ።

አምስተኛ፣ በየኮሚቴው ከሦስቱም ትውልድ ሰው ይቀመጥ። አረጋዊው ችግረኛውን ያውቃል፤ ጎልማሳው መዝገብ ይይዛል፤ ወጣቱ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በስልክ የገባውን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ አማናውም ይጠበቃል።

መደምደሚያ

በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ የሙስሊሙ ልግስና ያለ ርስትና ያለ ጉልት፣ በስደትና በውርስ መካከል ቆይቶ እዚህ ደርሷል። ያቆየው ሰዎች እርስ በርሳቸው የነበራቸው መተማመን ነው። ዛሬ ሰጪና ተቀባይ የማይተዋወቁበት ጊዜ መጥቷል፤ ጎንደር ያለው መስጊድ የሚሠራው ከሩቅ አገር በተላከ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ መተዋወቅ ይሠራው የነበረውን አሁን መዝገብ፣ ምስልና ግልጽ ሒሳብ ሊሠሩት ይገባል።

ስለዚህ ኢማሙ በሚቀጥለው ጁሙዓ ርዳታ ከመጠየቁ በፊት ያለፈው ርዳታ የት እንደ ደረሰ በሦስቱም ቋንቋ ይንገር እንላለን። ይህን ያደረገ ሰብሳቢ አዲሱን ጥሪ ሲያሰማ በፊተኛው ሰፍ ያሉትም ሆኑ በበሩ አጠገብ ያሉት ይሰሙታል። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።